ፎቶውን ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑን እዩት

እንደምን አመሻችሁ። ከዘጌ በጀልባ ተሻግራችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ ፎቶ ቤታችሁን ዘግታችሁ በባጃጅ የደረሳችሁም አላችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ ካሜራ አላወራም። ስለ ሌንስም አላወራም። ስለዚያ ሁላችንም በየቀኑ እናወራለን። የማወራው ቀኑን ሙሉ አፍጥጠን ስለምናየው፣ ግን ይዋሸን አይዋሸን ጠይቀን ስለማናውቀው ስለ ሞኒተር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰርግ አነሳሁ። አመሻሽ ላይ ሙሽሮቹን ጣና ዳር ወሰድኳቸው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ከኋላቸው ደንገል፣ ከደንገሉ ማዶ አንድ ታንኳ። ማታ ቤቴ ገብቼ መብራቱን አጥፍቼ፣ የላፕቶፑን ብራይትነስ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ኤዲት አደረግኩ። ስክሪኑ ላይ በጣም ያምር ነበር። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ግን የሙሽራው ሱፍ ከጀርባው ጨለማ ጋር አንድ ሆኗል፣ የሙሽሪት ፊት ጠቁሯል፣ የእናቷ የሀበሻ ቀሚስ ሰማያዊ መስሏል። ማተሚያ ቤቱ ጋ ደውዬ ተቆጣሁ። ያንኑ ፋይል ሌላ ቦታ አሳተምኩት፣ ልክ እንደዚያው ሆኖ መጣ። ለካ ጥፋቱ ከኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። እናትየው አልበሙን ገለጡ፣ አንዷን ገጽ ረጅም ጊዜ አዩና ምንም ሳይናገሩ መልሰው ዘጉት። ሰርግ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም።

የሆነው ይሄ ነው። ስክሪኑ ከልክ በላይ ስለሚያበራ ፎቶው የበራ መሰለኝ፣ ስለዚህ አጨለምኩት። ስክሪኑ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ቀሚሱ ቢጫ መሰለኝ፣ ስለዚህ ወደ ሰማያዊ ጎተትኩት። ፋይሉ ላይ ያልነበረ በሽታ ነው ያከምኩት።

«እኔ ዓይኔ ልምድ አለው፣ በዓይኔ አስተካክላለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ያውቀዋል፣ ከፀሐዩ ገብታችሁ መጀመሪያ ምንም አይታይም፣ ትንሽ ስትቆዩ ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች አንድ በአንድ ይወጣሉ። የተለወጠው ዓይናችን እንጂ ሥዕሉ አይደለም። በጧፍ ብርሃን ቆመንም ነጠላውን ነጭ ነው የምንለው፣ የጧፉ ብርሃን ግን ብርቱካናማ ነው። ዓይን የተሠራው እንዲለምድ ነው። ያጋደለ ስክሪን ፊት ግማሽ ሰዓት ከተቀመጣችሁ ያጋደለው ትክክል ይመስላችኋል። ለዚህ ነው የማይለምድ ነገር፣ ማለትም መለኪያ መሣሪያ የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ ግን ሞኒተር ስለመግዛት። ሱቅ ስትገቡ ትልቁና ደማቁ ይጠራችኋል። አትሂዱለት። ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው መስታወት፣ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ጠይቁ፣ እሱ ከጎን ሲያዩትም ቀለሙን ብዙ አይቀይርም። ያገለገለ ከሆነና ሻጩ የማያውቅ ከሆነ፣ የሰው ፊት ያለበት ፎቶ ክፈቱና ከጎን፣ ከላይና ከታች እዩት። ፊቱ ቀለሙን ከቀያየረ ምናልባት ቲኤን የሚባለው የፓነል ዓይነት ነው፣ ለኛ ሥራ አይሆንም። ቀጥሎ ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል ወደ መቶ በመቶ መሸፈኑን እዩ። ይሄ በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያወጡት መለኪያ ነው፣ ዛሬም ስልኩም ድረ ገጹም ብዙው ማተሚያ ቤትም የሚጠብቀው እሱን ነው። ርካሽ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ከሱ በጣም ያንሳሉ፣ የባጃጁ ሰማያዊና የበርበሬው ቀይ የሚደበዝዙባችሁም ለዚህ ነው። አዶቤ አርጂቢ የሚባለውን፣ ከኤስአርጂቢ የሰፋ የቀለም ክልል የሚሸፍን ሞኒተር ውድ ነው፣ አያያዙንም ካላወቃችሁበት የሰው ፊት አጋኖ ያቀላባችኋል። ደንበኛችሁ ፎቶውን በቴሌግራም የሚያይ ከሆነ አትቸኩሉ። መጠኑን በተመለከተ፣ 27 ኢንች ከሆነ 2560 በ1440 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ይሁን። 24 ኢንች ከሆነ 1920 በ1080ም ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የስክሪኑን ቀለምና ብርሃን የምትለካው፣ ካሊብሬተር የምትባለው መሣሪያ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ናት፣ ዋጋዋም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጥሩ ሌንስ ያንሳል። ስፓይደር የምትባል አለች፣ ካሊብራይት የሚያወጣትም አለች። ሞኒተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል አብርታችሁ አሙቁት። መብራት ሄዶ ከቆየና ከተመለሰ እንደገና አሙቁት፣ እኛ አገር ይሄን መርሳት የለብንም። ማታ ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚወስደውን ናይት ላይት አጥፉ። ሞኒተሩን ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መልሱት። ከዚያ የመሣሪያዋ ፕሮግራም ሲጠይቃችሁ ነጩን 6500 ኬልቪን (ነጩ ወደ ቢጫ ወይስ ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ የሚነግር ቁጥር ነው)፣ ጋማውን፣ ማለትም ከጥቁር እስከ ነጭ ብርሃኑ የሚጨምርበትን አካሄድ፣ 2.2፣ ብርሃኑን ከ100 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር በሉት። ብርሃኑን እዚያ ድረስ ስታወርዱት ስክሪኑ የሞተ ይመስላችኋል። ይሄ ነው ሰው ሁሉ የሚሸነፍበት ቦታ። ሁለት ቀን ታገሱ፣ ዓይናችሁ ይለምደዋል፣ የምታሳትሙት አልበምም መጨለሙን ይተዋል።

መሣሪያዋን ስክሪኑ ላይ አንጠልጥሏት፣ እንድትለጠፍ ስክሪኑን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉት። ፕሮግራሙ ቀለም በቀለም እያሳየ፣ እሷ እያነበበች፣ ደቂቃዎች ትቆያላችሁ። ሲያልቅ ፕሮፋይል የሚባል ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል፣ ስክሪኑ ያጋደለበትን ለፎቶሾፕ የሚነግረው እሱ ነው። በወር አንዴ ድገሙት፣ ሞኒተር እያረጀ ይለወጣልና። ከዚያ በኋላ የሞኒተሩን ቁልፎች ማንም አይንካቸው፣ ልጆቻችሁም ቢሆኑ።

ሞኒተሩን ከኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኝታችሁ ጥቁሩ ግራጫ ከመሰላችሁ የቀለም ሬንጁን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፉል አድርጉት። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ደህናውን ሞኒተር ይሸጣል።

ክፍላችሁንም እዩት። ሐይቁ የሚታይበት መስኮት ለመኖር መልካም ነው፣ ለኤዲት ግን ከውኃው የሚመለሰው ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ይቀያየራል። መጋረጃ አድርጉ፣ ስክሪኑን ለመስኮቱ ጎኑን ስጡት። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ አጠገብም አትቀመጡ። ክፍሉ ድቅድቅ አይበል፣ ለስለስ ያለ ነጭ መብራት ይኑረው።

መሣሪያዋን መግዛት የማትችሉ፣ ለጊዜው ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና አጠገቡ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። ወረቀቱ ላይ የክፍሉ መብራት ይረፍበት። ስክሪኑ እንደ አምፖል ሳይሆን እንደ ወረቀቱ እስኪመስል ድረስ ብራይትነሱን ቀንሱ። ቀለሙን አያስተካክልም፣ ጨለማ አልበምን ግን በደንብ ይቀንሳል።

ደግሞም ለምን እያንዳንዳችን እንገዛለን? አንዷ መሣሪያ ብዙ ሞኒተር ትለካለች። በወር አንዴ ነው የምትፈለገው፣ ቀሪውን ቀን መሳቢያ ውስጥ ናት። አምስት ስድስት ሆነን በዕቁብ አንድ መግዛትና ከፎቶ ቤት ፎቶ ቤት ማዞር እንችላለን። እስከዚያው የኔዋ አለች፣ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ አዳራሽ እቆያለሁ። ላፕቶፕ ያላችሁ ላፕቶፓችሁን፣ ሞኒተር ያላችሁ ሞኒተራችሁን ከነኮምፒውተሩና ከነገመዱ ይዛችሁ ኑ። ቀደም ብላችሁ ድረሱና አብሩት፣ እኔ ስደርስ እንዲሞቅ። አንድ ፎቶም በፍላሽ ያዙ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ያለበት ይሁን።