ቃሉ ከየት መጣ? በስፔሊንግ ውድድር ስለሚያጋጥሙ ባዕድ ቃላት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞችና ወላጆች፣ በተለይም እናንተ ተወዳዳሪ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በፈረንጆቹ 2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የስፔሊንግ ውድድር፣ ማለትም ልጆች የሚነበብላቸውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል በፊደል የሚጠሩበት ውድድር፣ ፍጻሜ ላይ አንድ ተወዳዳሪ ዋንጫውን ለማንሳት አንድ ቃል ብቻ ቀርቶት ነበር። ቃሉ «ኮመሊና» ነው፤ የአንድ የአበባ ተክል ወገን ሳይንሳዊ ስም። ልጁ ትርጉሙንም ምንጩንም ሳይጠይቅ «ኬ፣ ኤ፣ ኤም» ብሎ ጀመረ። ወዲያው ስህተቱ ገባው፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በውድድሩ ሕግ ቃሉን ከመጀመሪያው መድገም ይቻላል፣ አንዴ የተጠራን ፊደል መለወጥ ግን አይቻልም። የስህተቱ ደወል ተደወለ። ልጁ በኋላ በሌላ ቃል አሸንፏል፤ ያቺ «ኬ» ግን ልናጠናት ይገባል።

ቢጠይቅ ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? «አዲስ ላቲን» ይባል ነበር፤ ይኸውም ሊቃውንት ለዕፅዋትና ለእንስሳት ስም ያወጡበት ላቲን ነው። በላቲን «ክ» የሚለው ድምፅ የሚጻፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በሲ ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ በኬ አይጀምርም። ትክክለኛው አጻጻፍ ሲ፣ ኦ፣ ኤም፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤን፣ ኤ ነው። ኤም የተደገመው ስሙ ኮመሊን ከተባሉ የሆላንድ የዕፅዋት ሊቃውንት ስለተወሰደ ነው።

ዛሬ ይዘን የመጣነው ነገር ይኸው ነው፦ ከቃሉ በፊት የመጣበትን ቋንቋ አጥኑ። የውድድሩ መዝገበ ቃላት ከ400,000 በላይ ቃላት አሉት፤ ሸምድዶ የሚጨርሰው ሰው የለም። የቋንቋዎቹ የአጻጻፍ ልማድ ግን በጥቂት ደብተር ያልቃል። ውድድሩ በ1925 ሲጀመር ያሸነፈው ቃል «ግላዲዮለስ» የላቲን ነበር። በ2019 ስምንት ልጆች እኩል ሲያሸንፉም ከስምንቱ የመጨረሻ ቃላት አንዱም ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ አልነበረም።

እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለእኛ ለመረዳት አይከብድም። «ሠራዊት» በንጉሡ ሠ፣ «ሰላም» በእሳቱ ሰ የሚጻፈው ጆሯችን ስለሚለያቸው አይደለም፤ ግእዙ ስለሚለያቸው ነው። ድምፁ ቢጠፋም ፊደሉ የቃሉን ዘር ይዞ ቀርቷል። እንግሊዝኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የሚጠብቀው የአንድ ቋንቋን ሳይሆን የብዙ ቋንቋዎችን ዘር መሆኑ ነው።

ሲ እና ኤች ጎን ለጎን ሲቆሙ ተመልከቱ። በራሱ በእንግሊዝኛ «ች» ናቸው። «ሼፍ» ውስጥ «ሽ» የሚሆኑት ቃሉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ነው። «ኮረስ» ውስጥ ደግሞ ከግሪክ ስለመጣ «ክ» ናቸው። ስለዚህ «ሽ» ስትሰሙ እጃችሁ ቶሎ ወደ ኤስ፣ ኤች አይሂድ። ምንጩ ፈረንሳይኛ ከሆነ ሲ፣ ኤች፤ ጀርመንኛ ከሆነ ኤስ፣ ሲ፣ ኤች፤ «ኔሽን» እንደሚለው ያለ የላቲን ስም ከሆነ ቲ፣ አይ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ግሪክኛ ነው። «ፍ» በፒ፣ ኤች ይጻፋል፤ «እ» ወይም «ኢ» ብዙ ጊዜ ዋይ ነው፤ «ስ» ብሎ የሚጀምር ቃል ከፊቱ የማይነበብ ፒ ሊኖረው ይችላል። የ2023ቱን አሸናፊ ቃል «ሳሞፋይል»ን እንፍታ። ትርጉሙ አሸዋማ ቦታ የሚስማማው ሕያው ነገር ነው። «ሳሞ» አሸዋ፣ «ፋይል» ወዳጅ። ፒ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ኤም፣ ኤም፣ ኦ፣ ፒ፣ ኤች፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ። ወጥመዱ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ላይ ያለው ድምፅ አልባ ፒ እና የተደገመው ኤም። መሐል ያለችው ኦ ግን አታሳስባችሁ። ግሪክኛ ሁለት ሥሮችን የሚያጋባው አብዛኛውን ጊዜ በኦ ነው፣ ላቲን ደግሞ በአይ።

ግሪክኛ በቀጥታ መጣ ወይስ በላቲን በኩል? ይህን ልዩነት ብዙ አሠልጣኞች ይዘሉታል፤ መዘለል አልነበረበትም። የ2018 አሸናፊ ቃል «ኮይኖኒያ»፣ ማለትም ኅብረት፣ በቀጥታ ስለመጣ ኬ፣ ኦ፣ አይ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኤን፣ አይ፣ ኤ ተብሎ ይጻፋል። «ሴኖባይት»፣ ማለትም የአንድነት ገዳም መነኩሴ፣ ከዚያው ሥር የወጣ ነው፤ በላቲን ስላለፈ ግን ኬው ሲ ሆኗል፣ ኦ እና አይም በመጨረሻ አንዲት ኢ ሆነው ቀርተዋል። በመድረኩ ቃሉን የሚያነብላችሁ ሰው ምንጩን ስትጠይቁት «ከግሪክ ወደ ላቲን» ካለ ሲ አስቡ።

ፈረንሳይኛ የማይነበቡ ፊደላት አገር ነው። መጨረሻው «ኦ» ከሆነ ኢ፣ ኤ፣ ዩ ሊሆን እንደሚችል አስቡ፤ እኛም ቢሮ ብለን የወሰድነው ቃል በእንግሊዝኛ የሚያልቀው እንዲሁ ነው። ጀርመንኛ ከዚህ ይቀላል፦ «አይ» ሲነበብ ኢ፣ አይ ተብሎ፣ «ኢ» ሲነበብ አይ፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል። የ2024 አሸናፊ ቃል «አብሳይል»፣ በገመድ ገደል መውረድ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤል የሆነው በዚሁ ሕግ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ጫና የማያርፍበት፣ ማለትም ጠንከር ተደርጎ የማይነበብ፣ አናባቢ በእንግሊዝኛ ደብዝዞ ይነበባል፤ ኤ ይሁን ኢ፣ አይ ይሁን ኦ ጆሮ አይለየውም። ብዙ ተወዳዳሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መላው የቃሉን ዘመድ መፈለግ ነው። «ዴፊኒት» ሲባል የመጨረሻው አናባቢ ቢደበዝዝ፣ «ዴፊኒሽን» ሲባል ጫናው እዚያው ላይ ያርፍና አይ መሆኑ ይገለጣል። ዘመድ የሌለው ባዕድ ቃል ሲሆን ሥሩን ከማወቅ ሌላ መንገድ የለም።

ከላቲን ፊደል ውጭ ከሚጻፉ ቋንቋዎች የመጡ ቃላት ላይ ደግሞ ሕጉ ራሱ ይሳሳል። በ2013 ያሸነፈው የይዲሽ፣ ማለትም የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ቃል «ክናይደል» በውድድሩ ኬ፣ ኤን፣ ኤ፣ አይ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤል ሲባል፣ የይዲሽ ሊቃውንት የሚመርጡት ኬ፣ ኤን፣ ኢ፣ ዋይ፣ ዲ፣ ኤል ነው። በመድረኩ ዳኛው መዝገበ ቃላቱ ነው። ስለዚህ ይዲሽን፣ ዐረብኛን፣ ሂንዲን ለብቻ በተለየ ዝርዝር ያዙ፤ መሸምደድ የሚገባው እነዚህን ነው።

መድረክ ላይ ምንጩን ጠይቁ፤ ቀጥሎ ትርጉሙን፤ ከዚያ የንግግር ክፍሉን። «ካለስ» ስም ሲሆን (የደደረ ቆዳ) በዩ፣ ኤስ ያልቃል፤ ቅጽል ሲሆን (ርኅራኄ የሌለው) ኦ፣ ዩ፣ ኤስ ነው። ሌላ አነባበብ እንዳለውም ጠይቁ፤ የደበዘዘው አናባቢ በሁለተኛው አነባበብ ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል። ከዚያ ቃሉን መዳፋችሁ ላይ በጣታችሁ ጻፉና ነው አፋችሁን የምትከፍቱት።

ለልምምዱ ደብተራችሁን በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ሳይሆን በቋንቋ ክፈሉት። በቀን 30 አዲስ ቃል ይበቃል፤ ከትናንት ስህተቶች ደግሞ 10 ጨምሩበት። ለግሪክኛ አራት ሳምንት፣ ለላቲን ሦስት፣ ለፈረንሳይኛ ሁለት ስጡ። ቃሉን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ እንጂ እያያችሁ አትገልብጡ፤ ዓይን ያየውን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። የተሳሳታችሁትን ፊደል ክበቡና አጠገቡ የየትኛው ቋንቋ ልማድ እንዳሳታችሁ ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክበቦቹ የበዙበት ገጽ ላይ አተኩሩ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ጥናታችሁ የዚያ ቋንቋ ነው።

አመሰግናለሁ።