ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የጉልት ሴቶችን ለምን አቆሟቸው?

[ምስል፦ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ማለዳ። ጉሙ ገና አልተነሳም። ሴቶች ላስቲክ እያነጠፉ ነው።]

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ሥዕል ነው። የምጀምረው ግን ከገበያ ነው።

ደሴ ያደገ ሰው ይቺን ጠዋት ያውቃታል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አንዲት ሴት ጋቢዋን ደርባ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ፊት ለፊቷ ቲማቲም መደብ መደብ ተደርጓል። ሦስት ከታች፣ አንድ ከላይ። አንዱ መደብ ሲሸጥ ወዲያው ሌላ ትደረድራለች። ከላይ የምትቀመጠዋን ቲማቲም መርጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ወልወል አድርጋ ነው የምታስቀምጣት።

እኛ ደግሞ ቆመናል። ቁልቁል እያየን "ስንት ነው?" እንላለን። የምናየው ቲማቲሙን፣ እጇንና የሻሿን አናት ነው። ፊቷን ብዙ ጊዜ አናየውም።

ይቺን ያዙልኝ። እኛ ከላይ፣ እሷ ከታች።

[ምስል፦ ከሥዕሎቹ አንዱ፣ ሙሉው። አምስት ሰከንድ ያለ ድምፅ።]

ይሄ የሠዓሊ ታደሰ መስፍን ሥራ ነው። ታደሰ የተወለዱት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ወልድያ ነው። እዚሁ ወሎ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲማሩ ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስተምሯቸዋል። ከዚያ ሶቭየት ኅብረት ሄደው ተምረዋል። ተመልሰውም ዛሬ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በሚባለው ቦታ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል።

በተከታታይ የሳሏቸው እነዚህን ነው። የጉልት ሴቶችን። ተከታታይ ሥራው "ፒላርስ ኦቭ ላይፍ" ይባላል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው "የሕይወት ምሰሶዎች" ይሆናል።

ምሰሶ ለኛ ተራ ቃል አይደለም። የሣር ጎጆ ሲሠራ መሃሉ ላይ የሚተከለው እንጨት ነው። ጣሪያው እሱ ላይ ያርፋል። አባወራ ሲሞት አልቃሽ "የቤቱ ምሰሶ ወደቀ" ትላለች። ለወንድ ነው የለመድነው። ታደሰ ቃሉን አንስተው መሬት ላይ ለምትቀመጥ ቲማቲም ሻጭ ሰጧት። ከዚያ ደግሞ አቆሟት።

እስቲ ቀረብ ብለን እንያት።

[ምስል፦ ከፊት የቆሙት ሴቶች። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል።]

ረዣዥም ናቸው። ከተፈጥሮ በላይ ረዣዥም። ከፊት ያሉት ሸራውን ከላይ እስከ ታች ሞልተውታል። ከኋላ ያሉት እያነሱ እያነሱ ሄደው ከጀርባው ቀለም ጋር ይቀላቀላሉ። ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ ቀና ብላችሁ ነው የምታዩዋቸው። ገበያ ላይ ከላይ ሆነን ያየናትን ሴት፣ እዚህ ከታች ሆነን እናያታለን። ለኔ የሥዕሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሠዓሊው እዘኑላቸው አላሉንም። የቆምንበትን ቦታ ቀየሩብን።

ቀጥሎ ፊታቸው። አብዛኞቹ ፊት ለፊት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደገ ዓይን ይሄን ቶሎ ያነበዋል። በጥንቱ ሥርዓት ጻድቅ ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ ይሳላል። ክፉው ደግሞ በጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳን ፈልጉና እዩት። እነዚህ ሽንኩርትና ድንች ሻጮች የቆሙት እንደ ቅዱሳኑ ነው።

ግን የአንድ ሃይማኖት ሥዕል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ራሳቸው ላይ ያለው ነጠላም፣ ሻሽም ሊሆን ይችላል። ክርስቲያኗን ከሙስሊሟ መለየት ያቅተኛል። የኛም ገበያ እንደዚያው ነው። ወሎዬ ነኝና ይሄ ደስ ይለኛል።

[ምስል፦ የሥዕሉ የታችኛው ክፍል።]

አሁን እግራቸውን ፈልጉ። መሬቱ የታለ?

የለም። ወይም በግልጽ አይታይም። ሴቶቹ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ውበት ብቻ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር መጣልኝ። የጉልት ሴት የኔ የምትለው መሬት የላትም። ጠዋት የተቀመጠችበትን ማታ ትለቀዋለች። ተነሺ ስትባል ትነሳለች። ቃሉን ራሱን አስቡት እስቲ። ጉልት ማለት በድሮው ሥርዓት መኳንንት ከመሬት ግብር የሚበሉበት መብት ነበር። ዛሬ በዚያው ቃል የምንጠራት፣ አንድ ላስቲክ የሚያህል መሬት እንኳ ያልተሰጣትን ሴት ነው። ሠዓሊው ይሄን አስበውት ነው አልልም። ሥዕሉ ግን አሳስቦኛል።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ብሩሹ ወፍራም ነው፣ ምቱ ይታያል። ልብሶቻቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። የአንዷ ነጠላ የት አልቆ የሌላዋ የት እንደጀመረ አይለይም። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሸጡ ሴቶችን ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። አንዷ ለሶላት ስትሄድ ወይም ልጅ ልታጠባ ስትነሳ ጎረቤቷ ትሸጥላታለች፣ ብሩንም ለብቻ ትይዝላታለች።

ስሜታቸውስ? ብዙ ሰው "ያሳዝናሉ" ይላል። እኔ አልስማማም። ደክሟቸዋል፣ አዎ። ድካምና ሐዘን ግን ለየቅል ናቸው። ከንፈራቸው ገጥሟል፣ አንገታቸው ቀጥ ብሏል። ፊታቸው ላይ ልመና የለም። የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ገዢ ይጠብቃሉ፣ ምሽት ይጠብቃሉ፣ የልጅ ውጤት ይጠብቃሉ።

[ምስል፦ ተራኪው ካሜራ ፊት።]

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አብራኝ የተማረች ልጅ ነበረች። እናቷ ጉልት ትሸጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እዚያ ስንደርስ ልጅቷ መንገድ ትሻገራለች። እናትየዋ ታያታለች። አትጠራትም። ቀና ብላ አይታት ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች። ልጅ ስለነበርኩ ምን እያየሁ እንደሆነ አልገባኝም። ልጅቷን አፍራ እንዳትሸማቀቅ እናቷ እየደበቀቻት ነበር። በየቀኑ። በዚያው በሽንኩርቱ ደብተርና ዩኒፎርም ተገዝቶላታል።

የታደሰን ሥዕል መጀመሪያ ያየሁት ስልኬ ላይ ነው። በዚያች ትንሽ ስክሪን እንኳ መሃል ላይ የቆመችውን ሴት ሳያት ያቺ እናት መጣችብኝ። ያን ቀና ብሎ ማየቷን አወቅኩት። እንባዬ መጣ። አልዋሻችሁም።

[ምስል፦ እንደገና ሰኞ ገበያ። ጉሙ ተነስቷል። ካሜራው ዝቅ ብሎ መሬት አጠገብ።]

ይሄን ቪዲዮ ስሠራ ገበያ ወረድኩ። እንደወትሮው ቆሜ "ስንት ነው?" ልል ነበር። ተውኩትና ቁጢጥ አልኩ። እማማ ደነገጡ።

"ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?"

"አይ እማማ፣ ቲማቲም ልገዛ ነው።"

ሳቁ። ከታች ሳያቸው ጦሳ ከጀርባቸው ነበር። ራሳቸው ከጦሳ በላይ ወጥቷል። ሁለት መደብ በፌስታል አደረጉልኝ። ከዚያ ከላይ የነበረችውን፣ ወልወል የተደረገችውን ቲማቲም አንስተው ምራቂ ጨመሩልኝ።

"አብሽር" አሉኝ። "አሁን ተነስ፣ እግርህ ይደነዝዛል።"