ያመለጠኝ ይግባኝ

የተከበራችሁ ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ?

ደብረ ብርሃን በወጣትነቴ በዐቃቤ ሕግነት የሠራሁባት ከተማ ናት። ዛሬ የምነግራችሁ እዚሁ ስላመለጠኝ አንድ ይግባኝ ነው።

አንድ አይሱዙ ተይዞ ከድንች ማዳበሪያዎቹ ሥር ካናቢስ ተገኘ። ተከሳሾቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጫኝ ነው፤ ገና የሃያ ዓመት ልጅ። እናቱ ጋቢ ተከናንበው ከኋላ ወንበር ላይ ያለቅሱ ነበር። ሁለተኛው የዕቃው ባለቤት ነው። ገንዘቡን ያወጣው፣ መኪናውን የተከራየው እሱ መሆኑ በማስረጃ ተረጋግጧል።

ችሎቱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማቅለያ፣ ማለትም ቅጣት የሚያሳንስ ምክንያት፣ ያዘላቸው። የቀድሞ ጥፋት የለባቸውም፣ ቤተሰብ ይረዳሉ ተባለ። እኔ ያቀረብኩት ቅጣት ማክበጃ ምክንያት፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 84 ያለው በስምምነትና በኅብረት መፈጸም፣ በውሳኔው ላይ አልተነሳም። ውድቅ ነው እንኳ አልተባለም። ባለቤቱ እንደ ጫኙ ቀሎለት ሄደ።

እኔ ደግሞ ለልጁ ሆዴ ባብቶ ስለነበር ዝም አልኩ። በቅጣት ማነስ ይግባኝ ማለት ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በባለቤቱ ላይ ብቻ ይግባኝ ብል ኖሮ ልጁን ማን ይነካው ነበር? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 ይህን መብት ለዐቃቤ ሕግም ሰጥቷል። የይግባኝ ማስታወቂያው ግን በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ ነበረበት። ነገሩ ሲገባኝ ቀኑ አልፏል።

ይግባኝ ሰሚው «እኔ ብሆን እጨምር ነበር» ብሎ ብቻ ቅጣት እንዲያከብድ አልፈልግም። ምስክሩን ፊት ለፊት ያየው የሥር ፍርድ ቤት ነው። ነገር ግን ማክበጃ ያለ ምክንያት ሲዘለል፣ ወይም የአንዱ ማቅለያ ለሌላው ሲሰጥ፣ ያ የሕግ ስህተት ነው። ይግባኝ የሚባለውም በዚህ ነው። አቤቱታው ላይ «ቅጣቱ አነሰ» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ማክበጃ እንደተዘለለ፣ በየትኛው ተከሳሽ ላይ እንደሆነ ጻፉ። ለጫኙ የተያዘለት ማቅለያ ተገቢ ከሆነ፣ ተገቢ ነው ብላችሁ እሱንም ጻፉት።

በእጃችሁ በቅርቡ ቅጣት የተወሰነበት መዝገብ ካለ፣ ከዚህ እንደወጣችሁ ግልባጩን ጠይቁ። ቀኑንም ቁጠሩ።

አመሰግናለሁ።