ያልፈቀደችው ሴት ሐዘን

እሺ... እየቀዳ ነው። ወንበሩ ዛሬም ይንጫጫል፣ መዋጮው እስኪሞላ ታገሱት።

ስለ እንቅልፍ ክፍል ሁለት ይዤ እመጣለሁ ብዬ ነበር። አልሆነም። ጥፋቱ የዶክተሩ ነው። ዶክተሩን ታውቁታላችሁ፣ ጓደኛዬ፣ ሐኪም ያልሆነው። ሰሞኑን ስለ ኑክሌር ኃይል አንድ ነገር ተናገረኝ፣ ይኸው እስካሁን ሌሊት ሌሊት እየመለስኩለት ነው። እሱ ተኝቷል፣ እኔ እከራከራለሁ።

ነገሩ የመጣው ከደብዳቤ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እንዳትጣሉኝ። 2011፣ ፉኩሺማ፣ የጃፓኑ የኑክሌር ማመንጫ። የምድር መንቀጥቀጡ፣ ሱናሚው፣ ከዚያ ማብላያዎቹ። አንድ ወር ሳይሞላ ከሰሜን አውስትራሊያ ለባን ኪ ሙን፣ ያኔ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለነበሩት፣ ደብዳቤ ተጻፈ። የጻፈችው ኢቮን ማርጋሩላ ናት፣ ሚራር የሚባሉት የአገሬው ነባር ሕዝብ ታላቅ፣ የመሬቱ ባለቤት። ካካዱ የሚባለው ፓርክ አካባቢ ነው አገራቸው። እዚያ ሬንጀር የሚባል የዩራኒየም፣ የማብላያዎቹ ነዳጅ፣ ማዕድን ማውጫ ነበር፣ በ2021 ሥራ አቆመ፣ የጃፓን ኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ደንበኞቹ ነበሩ፣ የፉኩሺማው ባለቤት ቴፕኮ ጭምር። እሷም ምን አለች፣ እዚያ የፈሰሰው መርዝ ቢያንስ በከፊል ከእኛ መሬት በወጣ ዩራኒየም የመጣ ሳይሆን አይቀርም፣ ይህም በጣም ያሳዝነናል።

ያሳዝነናል። እዚህ ላይ ነው የቀረሁት።

ይቅርታ አይደለም ያለችው፣ ልብ በሉ። ይቅርታ የምትልበትም ምክንያት የለም። አባቷ ቶቢ ጋንጋሌ በ1970ዎቹ ተቃውሟል። ያ መሬት ጃንግ የሚሉት የተቀደሰና አደገኛ ኃይል አለው፣ ከነካችሁት ዓለምን ሁሉ ሊገድል ይችላል ብሎ ለመንግሥት ተናግሯል፣ ይህንንም ደብዳቤው ላይ ጽፋዋለች። በ1976 የወጣው የመሬት መብት ሕግ ለባለርስቶቹ እምቢ የማለት መብት ሰጠ፣ ሬንጀርን ግን ለይቶ ከዚያ መብት ውጪ አደረገው። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽንም ባለርስቶቹ እንደማይፈልጉ መዝግቦ፣ ተቃውሟቸው ግን ሥራውን ሊያስቆም አይገባም አለ። ሰምተናል፣ አንቀበልም። እንዲህ በግልጽ! እኔ ያላዳመጡ መስሎኝ ነበር እኮ፤ አዳምጠዋል፣ ጽፈውታልም። እንግዲህ በፍርስራሹ ማዘን የማን ተራ ነው? የቆፈረው? የገዛው? የፈረመው? ያዘነችው ያልፈቀደችው ናት።

ይህን ለዶክተሩ በስልክ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ጨረስኩ። ከዚያ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ "ዩራኒየሙ ከእሷ መሬት ባይወጣ ኖሮ ከካናዳ ይመጣ ነበር። ከኒጀር ይመጣ ነበር። ፉኩሺማ እንደሆነ ያው ፉኩሺማ ነው" አለኝ።

አያናድድም? ክፉ ቢሆን እኮ ይሻለኝ ነበር። ትክክል ነው። ማለቴ... በሒሳብ ትክክል ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መልስ ፍለጋ ጀርመን ገባሁ። ዊል የምትባል መንደር አለች፣ ራይን ወንዝ ዳር። የካቲት 1975 የኑክሌር ማመንጫ ግንባታ ሲጀመር የአካባቢው ሰው ቦታውን ያዘ። ፖሊስ በውኃ መርጫ አባረራቸው። በሦስተኛው ቀን 28 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተመልሶ መጣ። እና ዋናው ፍርሃታቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ጨረር ብቻ አይደለም። ጉም! የማቀዝቀዣ ማማዎቹ እንፋሎት ፀሐይን ይጋርድና ወይናችን አይበስልም ብለው የተነሡ የወይን ገበሬዎች ናቸው። በጣም ነው የምወዳቸው። ዓለምን ላድን ብሎ የተነሣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ ለወይኑ የተነሣ ግን... ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወንዙን ተሻግረው ፈረንሳይ ውስጥ የእርሳስ ፋብሪካ ሊሠራበት የነበረ ቦታ ይዘው ከፈረንሳዮቹ ጋር ተለማምደዋል። ማመንጫው አልተሠራም። ቦታው ዛሬ የተፈጥሮ ጥብቅ ነው።

ኦስትሪያ ደግሞ ትብሳለች። ማመንጫውን ሠርተው ጨርሰዋል፣ ዝቬንተንዶርፍ የሚባል ቦታ። 1978 ሕዝበ ውሳኔ፣ 50.47 በመቶ አይሆንም አለ። አንድም ቀን ሳይበራ ቀረ። እስካሁን ቆሟል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ቸርች ሮክ የሚለውን ስም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስሪ ማይል አይላንድን፣ የአሜሪካውን የኑክሌር ማመንጫ አደጋ፣ ሁሉም ያውቃል፣ መጋቢት 1979። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ እዚያው አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ቸርች ሮክ ላይ፣ ናቫሆ የሚባሉት ነባር ሕዝብ እረኞች በሚኖሩበት አካባቢ የዩራኒየም ዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። ከ350 ሚሊዮን ሊትር በላይ መርዛማ ውኃ ወንዝ ውስጥ ገባ። ከአራት ወር ቀድሞ የሆነውን ዓለም ያውቃል፣ ይህን እኔ እንኳ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ማመንጫው ከተማ አጠገብ ነው፣ ጉድጓዱ ግን ሁልጊዜ የሆነ ሰው በረሃ ውስጥ... እሺ፣ ስብከት ሊሆን ነው።

ዶክተሩ። ሁለተኛው ጥይቱ ከሰል ነው፣ ኑክሌር ሲዘጋ ከሰል ይነዳል ባይ ነው፣ ይህን እየሰማ ከሰል እያለ ነው። ጀርመን በ2023 የመጨረሻዎቹን ሦስት ማብላያዎች ስትዘጋ የከሰል ማመንጫዎቿ ይሠሩ ነበር። እውነት ነው፣ እኔም አይመቸኝም። የአየር ንብረቱ ነገር ያስፈራኛል፣ አንዳንድ ቀን ከእሱ ጋር ነኝ። ግን ሚራሮች የዓለምን ኤሌክትሪክ አቅዱልን አልተባሉም እኮ። የተጠየቁት መሬታችሁን እንቆፍር ወይ ነው።

እና ሁለተኛው ማዕድን አለ፣ ጃቢሉካ፣ እዚያው መሬታቸው ላይ። 1998 መንገዱን ዘጉት፣ ስምንት ወር፣ ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። ማርጋሩላ ራሷ በገዛ መሬቷ ላይ ያለ ፈቃድ ገብተሻል ተብላ ተይዛለች። በ2005 ያለ እነሱ ፈቃድ እንዳይቆፈር ስምምነት ተፈረመ፣ በ2024 የኩባንያው ፈቃድ አይታደስም ተባለ። ያ ዩራኒየም መሬት ውስጥ ነው። ዶክተሩ ቢሆን "ከካዛክስታን ተገዛ" ይላል። ተገዝቶ ይሆናል። ታዲያ የእሷ እምቢታ ከንቱ ነው? አይመስለኝም... ለምን እንዳልመሰለኝ ግን ሒሳቡን ላሳየው አልችልም። ምናልባት ሒሳብ አይደለም። ወይም ነው፣ እኔ ነኝ የማልችለው። ነገ እደውልለትና እንደገና... አይ፣ ነገ ተረኛ ነው፣ ከነገ ወዲያ