የተፋሰስ ትምህርት፦ ሰኔን እንዳታሳልፏት

[ምስል፦ የጮቄ ተራራ፣ ከሸንተረሩ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ጅረቶች]

ጤና ይስጥልን፣ የጎጃም መምህራን! ስለ ተፋሰስ ለማስተማር ስናቅድ ብዙዎቻችን ቀጥታ ወደ ወንዝ ነው የምንሄደው። ከጋራው ብንጀምር ይሻላል። ተማሪዎቹን ከፍ ያለ ቦታ አውጧቸውና «ከክፍላችን ጣራ የወረደው ዝናብ የት ይገባል?» በሏቸው። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ከሆናችሁ ጨሞጋን ይዞ ዓባይ ይገባል። ሰከላና መራዊ በኩል ደግሞ ግልገል ዓባይን ይዞ ጣና። ውሃው ግራና ቀኝ የሚለያይበት ሸንተረር የተፋሰሱ ወሰን ነው፤ የወረዳ ወሰን አይገደውም።

[ምስል፦ አንድ ደፍራሳ፣ አንድ የጠራ ውሃ የያዙ ጠርሙሶች]

ስለ ጥራት ለማሳየት ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ጭንቁ መቼ ይቀዳ የሚለው ነው። ደለል በብዛት የሚወርደው ክረምቱ ሲገባ፣ ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰው ማሳ ገና ባዶውን ሳለ ነው። ቡቃያው መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ዝናቡ ባያባራም ድፍርሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የቀረችን ሰኔ ናት፤ እሷም የፈተና ወር!

እንግዲህ ሰኔ ላይ መምህሩ ራሱ ይቅዳ። ተማሪ ወደ ሙላት አይላክም። ቀኑንና ቦታውን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍበት። ሳይነካ ሲያድር አፈሩ ይዘቅጣል፤ ተማሪዎች ውፍረቱን በማስመሪያ ይለኩታል። ጥቅምት ላይ ከዚያው ቦታ ሁለተኛው ይቀዳል።

[ምስል፦ የተገለበጠ ድንጋይ፣ በቅርበት]

የጠራ ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። ከብት ከሚወርድበት ጅረት የተቀዳ ውሃ ኩልል ብሎም ተቅማጥ አምጪ ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ ማንም እንዳይቀምስ። ይልቅ ጅረቱ ውስጥ ያለ ድንጋይ ገልብጡ። ሦስት እንደ ክር የቀጠኑ ጅራቶች ያሏቸው ትንንሽ ነፍሳት ከተገኙ ኦክስጅኑ ደህና ነው ማለት ነው። ቀያይ ትል ብቻ ከሆነ ውሃው ሳይበከል አልቀረም። ጣና ዳር ያላችሁ እምቦጭንም አንሱ፤ ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያ ያፋፋዋል።

[ምስል፦ እርከን የተሠራበት ተዳፋት]

ለምዘናው ተማሪዎቹ ወላጆቻቸውን ይጠይቁ፦ በበጋው የተፋሰስ ሥራ ከተሠራው እርከን የትኛው ክረምቱን ቻለ፣ የትኛው ተደረመሰ? የአካባቢውን ካርታ ሥለው ቦታውን ምልክት ያድርጉበት።