የእማዬ ነጠላ

የፕሮጀክተሩን ቀለም በሉክስ መለኪያ (የብርሃንን መጠን በሚያነብ መሣሪያ) አስተካክዬ ከጨረስኩ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቁጥሩ ልክ ነው፤ እማዬ ደግሞ ልክ አይደለም ትላለች፤ እኔ ሁለቱንም አምናለሁ።

አምፖሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሞቃል። መለኪያው ግድግዳው ላይ፣ ፊቱን ወደ ሌንሱ አዙሮ ይቀመጣል። ከዚያ ሙሉ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በየተራ እያበሩ ማንበብ፤ በጥቁሩ ላይ የተነበበውን ከሁሉም መቀነስ። የሚስተካከለው በኤችዲ ቪዲዮ የቀለም ደረጃ ነው፤ በእሱ ከነጩ ብርሃን 72 በመቶ ያህሉ ከአረንጓዴ፣ 21 በመቶው ከቀይ ይመጣል፤ ከሰማያዊ 7 በመቶ ብቻ! ነጩ 200 ሉክስ ከሆነ ሰማያዊው 14 ነው። በመጋረጃ ሥር ሾልኮ የገባ አንድ ሉክስ ለአረንጓዴው ከቁጥር አይገባም፤ ሰማያዊውን ግን ያዛባዋል። ስለዚህ የሚሠራው ሌሊት ነው። ሌሊት ደግሞ የሰፈራችንን መብራት ታውቁታላችሁ፤ አምፖሉ ሞቆ ልክ መለካት ስጀምር ድርግም... ስለ መብራት ከጀመርኩ አላበቃም፣ ልተወው።

የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ከፈትኩ። እማዬ እልል እያለች ከፊት ናት። አመዳም ሆኖ የኖረው ፊቷ የራሷን ጠይምነት አገኘ! እንዴት ደስ እንዳለኝ። እሷ ግን ተነሥታ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«ልጄ፣ ነጠላዬን ምን አደረግኸው?»

«ምን ሆነ?»

«ቢጫ ሆኗል። እኔ እኮ እንደ ወተት አድርጌ አጥቤ ነው የለበስኩት።»

በቪዲዮ ነጭ የሚባለው በብርሃን ቀለም መለኪያ 6500 ኬልቪን ገደማ እንደሆነ፣ ዓይኗ ሰማያዊ የበዛበትን ነጭ ስለለመደ እንደሆነ ነገርኳት። ዓይን እውነትም ይለምዳል፤ ጥቂት መታገሥ ነው። ታገሠች። ሙሽሮቹ ተቀመጡ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ጭፈራው ደራ። «አሁንም ቢጫ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ያንን ነጠላ በእጇ ያጠበችው እሷ ናት። መለኪያው አላየውም። ደግሞም መለኪያው ሌንሱን ነው የሚያየው፤ ለግድግዳው ጀርባውን ሰጥቷል። ግድግዳችን ክሬም ነው፤ ክሬም ደግሞ ሰማያዊን ይውጣል። እማዬ የምታየው ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣውን ነው። እንግዲህ እሷ ልክ ልትሆን ትችላለች። ወይም ጥፋቱ ከካሜራው ይሆናል፤ የአዳራሹ አምፖሎች ቢጫ ነበሩ መሰለኝ። ነጭ ወረቀት ለጥፌ አየዋለሁ። ሰማያዊውን ትንሽ ብጨምርላትስ? ነጠላው ይነጣ ይሆናል፤ ፊቷ ግን ተመልሶ አመዳም ከሆነብኝ... እሱን ደግሞ እኔ...