ሶስተኛዋ ባር ላይ ቆሜ ነበር፦ ስለ ፒያኖ ልምምድ እና ስለ ግል አስተማሪ (የፖድካስት ውይይት)

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቻችን። ዛሬ የምናወራው ስለ ፒያኖ ነው፣ ስለ መድረክና ስለ ኮንሰርት ሳይሆን ቤት ቁጭ ብሎ ስለመልመድ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሳስተምር ብዙ አመቴ ነው፣ እሷ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆና የጀመረች ተማሪ ናት፣ የኔ ተማሪ ግን አይደለችም።

እሷ፦ አዎ ሌላ አስተማሪ ነው ያለችኝ። እኔ 36 አመቴ ላይ ነው የጀመርኩት፣ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ቢሮ እየዋልኩ። አሁን ሶስት አመት ሊሞላኝ ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቸርች መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ የሚመታ ልጅ ነበር፣ ከጎኑ ቆሜ ጣቱን ሳይ ነበር የምውለው፣ እና ያ ነገር ከውስጤ አልወጣም በቃ።

እሱ፦ ብዙ ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "አልዘገየሁም ወይ" ነው። ፒያኒስቱን ግርማ ይፍራሸዋን እንኳን ብታዪ፣ ክራር ሲጫወት ነው ያደገው፣ ፒያኖ የነካው በ16 አመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፣ ከዛ ቡልጋሪያ ሶፊያ ሄዶ ተማረ። በክላሲካል አለም 16 በጣም ዘገየ የሚባል እድሜ ነው። 36 ላይ የጀመረ ሰው ኮንሰርት ላያሳይ ይችላል፣ ግን የሚወደውን ነገር በሁለት እጁ አስተካክሎ መጫወት ይችላል፣ ይሄን በአይኔ አይቻለሁ።

እሷ፦ እኔ ግን መጀመሪያ ላይ አስተማሪ አልያዝኩም። ስድስት ወር ገደማ ዩቲዩብ እያየሁ ለብቻዬ ነበር። ያገለገለ ኪቦርድ ገዛሁ፣ ሻጩ "ከፒያኖ ምንም ልዩነት የለውም" አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ወስጄ ስመታው ቀስ ብዬ ብነካውም ባለኝ ሃይል ብደበድበውም ድምፁ ያው ነው። የኔ ጥፋት መስሎኝ ስንት ጊዜ ተጨነቅኩ መሰለህ።

እሱ፦ እሱ ታች ሪስፖንስ የሌለው ነው፣ የጣትሽን ጉልበት አይለይም ማለት ነው። ፒያኖ ስሙ ራሱ እኮ ከጣልያንኛ ፒያኖ ፎርቴ የመጣ ነው፣ ለስላሳና ሃይለኛ ማለት። በፈረንጆቹ 1700 አካባቢ ፍሎረንስ ውስጥ ክሪስቶፎሪ የሚባል ሰው ሲሰራው ትልቁ ነገር ጣትህ በገፋው ልክ ድምፁ እንዲለሰልስና እንዲበረታ ማድረጉ ነበር። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ተዉትና አንድ ነገር ሞክሩ፣ አንዷን ኪ፣ በጣት የምትመታዋን ማለቴ ነው፣ ቀስ አድርጋችሁ ከዛ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፣ ድምፁ ካልተቀየረ አትግዙ። የኪው ብዛት እንደ ፒያኖ 88 ባይሆን ችግር የለውም፣ 61 ኪ ያለው ለመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት አመታት ይበቃል። አቅም ያለው ሰው ኪው ከበድ የሚለውን ዲጂታል ፒያኖ ቢገዛ ደግሞ ጣት ቶሎ ይጠነክርለታል።

እሷ፦ እሱን ሸጬ 61 ኪ ታች ሪስፖንስ ያለው ገዛሁ፣ መብራት ሲጠፋም በስድስት ባትሪ ድንጋይ ይሰራል፣ ይሄ ለኛ ሀገር ትልቅ ነገር ነው። እና ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሄድፎን አድርጋችሁም ጎረቤት ይሰማል! ሙዚቃው ሳይሆን ኪው ሲመታ ያለው ቋ ቋ የሚለው በስታንዱ አድርጎ ወለል ላይ ይወርዳል። የታች ጎረቤቴ እትዬ ጠዋት "ልጄ ሌሊት ምንድነው የምትወቅጪው" አሉኝ። ከስታንዱ ስር ብርድ ልብስ አጥፌ አነጠፍኩ፣ ከዛ በኋላ ሰላም ነው።

እሱ፦ ሌሊት ነው የምትለማመጂው?

እሷ፦ ጠዋት 11 ሰአት ተኩል፣ ልጆቹ ሳይነሱ። ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ አምስት። ማታ ሞክሬ ነበር ግን ማታ እጄ ቁጭ ቢልም ጭንቅላቴ ቢሮ ነው ያለው።

እሱ፦ እና ስድስት ወር ለብቻሽ ስትለፊ ቆይተሽ አስተማሪ ጋ ምን ወሰደሽ?

እሷ፦ ሶስተኛዋ ባር ናት የወሰደችኝ፣ ባር ማለት ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚከፈለው እያንዳንዱ ክፍል ነው። ያቺን ጀማሪ ሁሉ የሚማራትን አጭር ስራ፣ ሚኒዌት ኢን ጂ ሜጀር የሚሏትን ነበር የያዝኩት። ሁለት ባር ጥሩ እሄዳለሁ፣ ሶስተኛዋ ላይ ስደርስ እጄ ይደናገራል፣ እንደገና ከመጀመሪያው፣ እንደገና ሶስተኛዋ ላይ። ሁለት ወር ሙሉ። ልክ ሰው የስልክ ቁጥር ረስቶ ከ"ዜሮ ዘጠኝ" እንደሚጀምረው፣ ሁሌ ከላይ ነበር የምጀምረው።

እሱ፦ እሺ፣ አስተማሪዋ ምን አለችሽ?

እሷ፦ የመጀመሪያው ክላስ ላይ ተጫወችልኝ አለችኝ፣ ተጫወትኩ፣ ቆምኩ። ድገሚው አለችኝ። ደገምኩ። ሶስተኛ ጊዜም። ምንም አልተናገረችም፣ አይኗ ኖታው ላይ ሳይሆን እጄ ላይ ነው። ከዛ እርሳስ አወጣችና ከሶስተኛዋ ባር የመጀመሪያ ኖታ በላይ ቁጥር ፃፈች፣ ከቀጥሎዋም በላይ፣ እና "ሶስቱንም ጊዜ በተለያየ ጣት ነው የገባሽው" አለችኝ። አንዴ በመሃል ጣቴ፣ አንዴ በቀለበት ጣቴ፣ አንዴ በትንሿ። እኔ አንድ ነገር ሁለት ወር የደጋገምኩ መስሎኝ ለካ ሶስት የተለያየ ነገር ነው ስለማመድ የከረምኩት! ወንድሜ እንባዬ ነው የመጣው።

እሱ፦ ይሄን እኔ በየሳምንቱ ነው የማየው። ሰው ጆሮው ኖታውን ይሰማል፣ ኖታው ልክ ከሆነ ልክ ነኝ ይላል፣ እጁ ግን ለሱ ሙዚቃ አይደለም፣ እጅ የሚያውቀው መንገድ ነው። ዛሬ በዚህ ነገ በዛ ከወሰድሽው የትኛውንም አይዝም። ስህተትም እንደዛው ነው፣ አስር ጊዜ ተሳስተሽ አንዴ ልክ ከመታሽ በኋላ ተነስተሽ ከሄድሽ፣ አስሩን ነው ይዘሽ የተነሳሽው።

እሷ፦ እሷም ያለችኝ ይሄንን ነው። ያን ሳምንት የሰጠችኝ ሆምወርክ ምን መሰለህ፣ ሶስተኛዋን ባር ብቻ፣ ቀኝ እጅ ብቻ፣ በተፃፈው ጣት ብቻ፣ ያውም ከሁለተኛዋ ባር መጨረሻ ኖታ ጀምሬ፣ ምክንያቱም ችግሩ ባሯ ውስጥ ሳይሆን መግቢያዋ ላይ ነው አለችኝ። ሜትሮኖሙን፣ ምት የሚቆጥረውን መሳሪያ፣ በደቂቃ 50 ምት ላይ አድርጊው አለችኝ፣ 50 እኮ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ በሁለቱ ምት መሃል ሰው ሻይ ይጠጣል። ሁለት ቀን ተናደድኩ። በአምስተኛው ቀን እጄ ራሱ ሄደ። እኔ ሳላዘው።

እሱ፦ እኔ ልጅ ሆኜ የኔታ ጋ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ንባብ ሲጀመር መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየለየህ ትቆጥራለህ፣ ከዛ ውርድ ንባብ፣ ከዛ በቅልጥፍና የሚነበበው ቁም ንባብ። ገና የምትቆጥር ልጅ ሆነህ ዘልለህ እንደ ቁም ንባብ ላድርገው ካልክ የኔታ ከስር ነው የሚመልሱህ። ወላጆች ልጃቸውን ሲያስተምሩ ይሄንን ያውቃሉ፣ ፒያኖ ላይ ሲሆን ግን "በሁለት ሳምንት አንድ ዘፈን ይልመድልኝ" ይላሉ። አንድ እጅ ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው፣ ከዛ ሁለቱ በቀስታ፣ ይሄ ቁጠራው ነው።

እሷ፦ ስለ ሚኒዌቷ ያቺን ታሪክ ንገራቸው እስቲ።

እሱ፦ አዎ፣ እሷን እወዳታለሁ። ለረጅም ዘመን የጀርመኑ የሙዚቃ ደራሲ የባክ ስራ ናት ሲባል ኖሮ በኋላ ክርስቲያን ፔትዞልድ የሚባል ሰው ስራ መሆኗ ታወቀ። የባክ የመሰለችው ባክ ለሚስቱ ለአና ማግዳሌና በፈረንጆቹ 1725 በሰጣት ደብተር ውስጥ ስለተገኘች ነው። እና ልብ በሉ፣ ያ ደብተር የቤት ደብተር ነው፣ ለቤተሰብ። ሚስትየው ራሷ በእጇ እየገለበጠች፣ ልጆቹም እየፃፉበት። ዛሬ ከ300 አመት በኋላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆቿ ሳይነሱ የምትለማመድ እናት ያቺኑ ነገር ስትጫወት፣ የተሰራላት ቦታ ነው የተገኘችው ማለት ነው።

እሷ፦ እንዲህ ስትለኝ ደስ ይለኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔ መጀመሪያውኑ ፒያኖ የፈለግኩት ለሚኒዌት አይደለም፣ ለትዝታ ነው። የእማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ስሰማ ቤታችን፣ አባቴ፣ የክረምት ማታ፣ ሁሉም ነው የሚመጣብኝ።

እሱ፦ እማሆይ በኛ አቆጣጠር በ2015 መጋቢት ላይ በ99 አመታቸው ኢየሩሳሌም ነው ያረፉት። ልጅ ሆነው ስዊዘርላንድ ተልከው ነው ሙዚቃ የጀመሩት፣ በኋላ ካይሮ ሲማሩ ፒያኖና ቫዮሊን በቀን ዘጠኝ ሰአት ያህል ይለማመዱ ነበር። ሰው አጨዋወታቸውን ሲሰማ ዝም ብሎ ከልብ የፈሰሰ ይመስለዋል፣ ከልብም ነው፣ ግን ከስሩ ያ ሁሉ ሰአት አለ። አንድ ነገር አስተውላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ማሲንቆ ድምፁን ይጎትተዋል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ያንሸራትተዋል፣ ፒያኖ ይሄን አይችልም፣ አንዴ ከመታሽው በኋላ ድምፁ እየሞተ ነው የሚሄደው። እሳቸው ታዲያ ዋናዋ ኖታ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ጎረቤቷን ነካ አድርገው ነው የሚያልፉት፣ እና ጆሮሽ የተንሸራተተ ይመስለዋል።

እሷ፦ አስተማሪዬ ትዝታን ያስጀመረችኝ በጥቁሮቹ ኪዎች ነው። ኖታ የለ ምን የለ። ጥቁሮቹን ብቻ ንኪ፣ ከሶስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያዋን ቤትሽ አድርጊያት፣ ከሷ ተነሺ እሷ ላይ ተመለሺ አለችኝ። ነካሁት። ትዝታ! እኔ እኮ ለመልመድ አመታት ይፈጃል ብዬ የማስበው ነገር እዛው ተደርድሮ ነው የጠበቀኝ።

እሱ፦ የጥቁሮቹ ስም ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሬ ሻርፕ ነው። አምስት ኖታ፣ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት። እነዛኑ አምስት ጥቁሮች ይዘሽ ከሁለቱ ጥቁሮች ሁለተኛዋን ቤት ካደረግሻት ደግሞ ባቲ ማይነር ይመጣልሻል። አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ግን በጥቁር ብቻ አይወጡም፣ ነጮቹን ማስገባት ግድ ነው። እኔ ለህፃናት ሁሌ ከጥቁሮቹ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም የትኛውንም ቢነኩ አይበላሽም፣ ልጁ የመጀመሪያውን ቀን ሙዚቃ ሰምቶ ነው የሚሄደው።

እሷ፦ እና ግራ እጅስ? ትዝታ ላይ ግራ እጄ ነው የሚያስቸግረኝ።

እሱ፦ ኪቦርዱ እዚህ አለ አይደል፣ ክፈቺው። ግራ እጅሽ ሁለት ኖታ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ቤቷን፣ ፋ ሻርፕን፣ በትንሿ ጣት፣ ዶ ሻርፕን ደግሞ በአውራ ጣት። አንድ ላይ አትምቻቸው፣ መጀመሪያ ትንሿ፣ ቆይተሽ አውራ ጣት። ቀኝ እጅሽን ጭንሽ ላይ አስቀምጪው።

እሷ፦ ቀኙን አልጨምርም?

እሱ፦ ገና ነው። ግራው ብቻውን ይሂድ።

እሷ፦ እሺ። በስንት ላድርገው?

እሱ፦ 50።

እሷ፦ [ሜትሮኖም ይሰማል] ፋ ሻርፕ... ዶ ሻርፕ... ፋ ሻርፕ... ቆይ፣ ጣት ቀየርኩ፣ እንደገና።